አጎቴ ከሻኪሶ ያመጣው አረንጓዴ ድንጋይ፦ ኤመራልድ ነው ጠርሙስ?

የጥቁር ውሃ ልጅ | ቅዳሜ ምሽት 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። አጎቴ ባለፈው ሳምንት ከሻኪሶ መጣ። የቦሬን ብርድ እያማረረ ገባና ከሸሚዝ ኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ አረንጓዴ ድንጋይ አወጣ። የአውራ ጣቴን ያህላል። ስድስት ጎን አለው፤ ሦስቴ ቆጥሬዋለሁ። አንዱ ጫፉ ተሰብሯል፣ ሌላው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ውስጡ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ስንጥቁም ብዙ ነው።

ሲመጣ እንዲህ ንጹህ አልነበረም። ግማሹ በሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ተሸፍኖ ነበር። አጎቴ «ይሄ ቆሻሻው ነው» ብሎ በመዶሻና በምስማር አራገፈው። የቀረውን እኔ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እውነተኛ ኤመራልድ ነው ወይስ የተሸጠለት ጠርሙስ ነው? ሁለተኛ፣ ለምን ሻኪሶ? እኛ ጋም ተራራ አለ፣ ፍል ውሃ አለ፣ ድንጋይ ሞልቷል። ታቦር ተራራ ላይ ስንት ዓመት ስወጣ አንድ አረንጓዴ ነገር አላየሁም። ፎቶውን ከላይ ለጥፌያለሁ።

ዋጋውን አልጠየቅኩም። ስለ ዋጋ የምትጽፉ እንዳታደክሙኝ።

---

ቶሎ ሽጥ | ቅዳሜ ምሽት 1:26

ወንድሜ በውስጥ መስመር አናግረኝ። ስንጥቅ ካለው ብዙ አትጠብቅ፣ ግን እንነጋገራለን።

---

አምባዛ ጥብስ | ቅዳሜ ምሽት 1:31

ስድስት ደቂቃ። «ስለ ዋጋ አትጻፉ» ካለ ስድስት ደቂቃ አልሞላውም።

ለማንኛውም የቢራ ጠርሙስ ስድስት ጎን የለውም። ተስፋ አለህ።

---

ሻይና ሺስት | ቅዳሜ ምሽት 3:05

ጂኦሎጂ ተምሬ የተወሰኑ ዓመታት ፍለጋ ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ልቆጣህ። ጥቁሩን ለምን አራገፋችሁት? ፎቶው ላይ ከጎኑ ትንሽ ቀርቶ ይታየኛል። ማይካ ነው፤ ፍሎጎፓይት ወይም ባዮታይት የሚባለው ዓይነት። በጥፍርህ ብትጭረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ ይላጣል። ስለ ድንጋዩ ብዙ ሊነግረን የሚችለው እሱ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይህን ያዝ።

ኤመራልድ የቤሪል ዓይነት ነው። ቤሪል ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን ይሠራል። ንጹሁ ቀለም የለውም፤ ውሃ ይመስላል። ትንሽ ብረት ሲገባበት ሰማያዊ ይሆንና አኳማሪን ይባላል። ማንጋኒዝ ሲገባበት ሮዝ ይሆናል፤ ሞርጋናይት ነው። ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ገብቶ የአሉሚኒየሙን ወንበር ሲቀማ ደግሞ ያንተ አረንጓዴ ይመጣል። ብዙም አያስፈልግም፤ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ክሮሚየም ይበቃዋል። የሚገርመው ያው ክሮሚየም ኮረንደም የሚባል ማዕድን ውስጥ ሲገባ ቀይ ይሆናል፣ ሩቢ ይባላል። ቤቱ ሲለወጥ ቀለሙ ይለወጣል።

ታዲያ ቤሪልም አለ፣ ክሮሚየምም አለ፤ ኤመራልድ ለምን ብርቅ ሆነ? ቤሪሊየምና ክሮሚየም ሆድና ጀርባ ስለሆኑ ነው።

ቤሪሊየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። በአማካይ ከሚሊዮን 2 ወይም 3 እጅ ቢሆን ነው። አተሙም ትንሽዬ ነው። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን የሚስማማውን ይወስዳል፣ ማይካው ይወስዳል፣ ኳርትዙ ይወስዳል። ቤሪሊየምን ግን የሚፈልገው የለም። ሠርግ ቤት ወንበር እንዳጣ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የምትተርፈው ጥቂት ቅልጥ ውስጥ፣ ከውሃ፣ ከፍሎሪን፣ ከሊቲየምና ታንታለም ከሚባለው ብረት ጋር አብሮ ይታጎራል። ያቺ ቅልጥ በስንጥቅ ሰርጋ ገብታ ስትቀዘቅዝ ፔግማታይት ትባላለች። ነጣ ያለ፣ ማዕድናቱ ጎላ ጎላ ያሉ አለት ነው። ከሻኪሶ ብዙም የማይርቀው የቀንጢቻ ታንታለም የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ፔግማታይት ነው።

ክሮሚየም ተቃራኒው ነው። ገና ቅልጡ ሳይቀዘቅዝ ከፊተኞቹ ጋር ይቀመጣል። መኖሪያው ከቅርፊቱ በታች ያለው ማግኒዚየም የበዛበት ከባድ አለት ነው። እዚያ ከሚሊዮን 2000 እና ከዚያ በላይ እጅ ይደርሳል። ይህ አለት ውሃ ሲያገኘው ሰርፐንቲናይት ወይም ታልክ ይሆናል፤ ስትዳስሰው እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

እንግዲህ አንዱ የመጨረሻው ቅልጥ ውስጥ፣ ሌላው ከመጀመሪያው አለት ውስጥ ነው ያሉት። በተፈጥሮ አይገናኙም። ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል።

ሻኪሶና አዶላ አካባቢ ሽማግሌው ተገኝቷል። እዚያ ያሉት ሰርፐንቲናይቶችና የታልክ አለቶች የጥንት ውቅያኖስ ወለል ቅሪት ናቸው ይላሉ ብዙዎቹ ያጠኑት። አህጉሮች ሲጋጩ ውቅያኖሱ ተዘጋና ወለሉ በመሃል ተጨፍልቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ፣ ከዛሬ 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቀንጢቻን የመሰሉ ፔግማታይቶች ሰንጥቀውት ገቡ። ከፔግማታይቱ የወጣው ትኩስ ፈሳሽ ፖታሲየም፣ አሉሚኒየም፣ ፍሎሪንና ቤሪሊየም ተሸክሞ ወደ ሳሙናማው አለት ሰረገ። ሙቀቱን ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ አስበው።

ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ አለቱ ይለወጣል። ማግኒዚየሙ ከአንዱ፣ ፖታሲየሙና አሉሚኒየሙ ከሌላው መጥተው ማይካ ይሆናሉ። ማይካው ፍሎሪኑንም ይወስዳል። ቤሪሊየምን ተሸክሞት የመጣው ደግሞ በአብዛኛው ፍሎሪን ነበር። ተሸካሚው ሲሄድበት ቤሪሊየም እዚያው ይራገፋል። አጠገቡ ያገኘውን አሉሚኒየምና ሲሊከን ይይዛል፣ በበሩ የቆመውን ክሮሚየም ያስገባል። አለቀ፣ ኤመራልድ ነው።

ይህ የሚሆነው በጠባብ ቦታ ነው። ጥቁሩ የማይካ ንጣፍ አንዳንዴ ክንድ አይሞላም፣ ቢበዛ ጥቂት ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ፔግማታይት፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ሳሙናማ አለት። በሁለቱም በኩል ኤመራልድ እምብዛም የለም።

እና አጎትህ «ቆሻሻው» ያለው የጋብቻ ወረቀቱን ነው።

---

አምባዛ ጥብስ | ቅዳሜ ምሽት 3:11

የጋብቻ ወረቀቱን በመዶሻ።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | ቅዳሜ ምሽት 3:18

እህቴ አመሰግናለሁ፣ ግን ሆዴን አባባሽው። ለአጎቴ አነበብኩለት። «እኔ ምን አውቄ፣ ሻጩም ቆሻሻ ነው ብሎኛል» አለ። ጥቁሩን የት እንደጣለው ስጠይቀው ግቢው ላይ ነው ከማለት ሌላ አያስታውስም።

---

አዶላ ነባር | ቅዳሜ ምሽት 3:50

ልጆች፣ እኔ አዶላ ወርቅ ሳጥብ ነው ጠጉሬ የሸበተው። አሁን ሐዋሳ ልጄ ጋ ተቀምጫለሁ። የልጅቷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሷ በትምህርት ያወቀችውን ቆፋሪው በእጁ ያውቀዋል። ነጩን ሥር ተከትሎ ይወርዳል። ነጩ ብቻውን ከሆነ ይተወዋል። ጥቁሩ ሲጀምርለት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውም እንዳይሰማው።

ወርቅ አጥቢ የሚያየው ታች የሚዘቅጠውን ነው። ወርቅ ከባድ ነው፣ ከእቃው ግርጌ ይቀራል። አረንጓዴው ድንጋይ ግን ቀላል ነው፣ ከአሸዋው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። በስንት ዘመን እጃችን ላይ አልፎ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። የሻኪሶው ኤመራልድ ስሙ በውጭ ገበያ የገነነው እኮ በፈረንጅ 2017 ገደማ ነው። ወርቁ ግን ከአያቶቻችን ጀምሮ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ኤመራልድ ኤመራልድ ትላላችሁ፤ በእኛ መረግድ ነው። ራእይ ላይ ከከተማይቱ መሠረቶች አራተኛው መረግድ ነው። ስምንተኛው ደግሞ ቢረሌ ይላል። ልጄ፣ ቤሪል ያልሽው ቢረሌ ነው ወይ?

---

ሻይና ሺስት | ቅዳሜ ምሽት 4:02

ጋሼ፣ አዎ፣ ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከግሪኩ ቃል የመጡ ናቸው። ሲቆጥሩት ሁለት ድንጋይ አድርገው ነው፤ በማዕድን ደረጃ ግን መረግድም የቢረሌ ልጅ ነው። ይህን እርስዎ ባይጠይቁኝ መቼም አላስተውለውም ነበር።

ቀላል ነው ያሉትም ልክ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ቤሪል 2.7 ጊዜ ብቻ። ተራ ኳርትዝ 2.65 ነው። በውሃ አጥቦ ኤመራልድን ከአሸዋ መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። በዓይን መልቀም ብቻ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት | እሑድ ጠዋት 2:15

እኔም ጂኦሎጂ እየተማርኩ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይሄ ነው ማለት ነው፦ ግራናይት ወይም ፔግማታይት ከሌለ ኤመራልድ የለም። ለፈተና ጻፍኩት።

---

ሻይና ሺስት | እሑድ ጠዋት 4:40

አትጻፈው! ኮሎምቢያ ትጥልሃለች።

ሙዞ፣ ኮስኩዌዝና ቺቮር የዓለም ዝነኛ ኤመራልድ የሚወጣባቸው ናቸው። እዚያ ግን ግራናይትም ፔግማታይትም የለም። ያለው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ነው፤ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተደለደለ፣ ብዙ የበሰበሰ ሕይወት ያለበት። ጨዋማ የሆነ ትኩስ ውሃ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ፣ በስንጥቁ ሲገባ ከራሱ ከጭቃ ድንጋዩ ቤሪሊየሙንም፣ ክሮሚየሙንም፣ ቫናዲየሙንም አጥቦ አወጣ። ሁለቱም ሙሽሮች አንድ ሰፈር ነበሩ፣ የቀሰቀሳቸው ጨዋማው ውሃ ነው። ዕድሜውም ከሻኪሶው ጋር አይገናኝም። የምሥራቁ ክፍል 65 ሚሊዮን ዓመት፣ የምዕራቡ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት መካከል ነው።

ለዚህ ነው የኮሎምቢያ ድንጋይ ሆዱ ሲታይ የሚታወቀው። በአጉሊ መነጽር ስታየው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ በየጉድጓዱ ጨዋማ ውሃ፣ የጋዝ አረፋ፣ ደግሞም ትንሽዬ ባለ አራት ማዕዘን የጨው ቅንጣት። የዚያ ዘመን ውሃ እዚያው ታሽጎ ቀርቷል። ብረቱን ደግሞ ፓይራይት የሚባለው ማዕድን ወስዶታል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ብረት ያንሰዋል፣ አረንጓዴውም ይጠራል።

የእኛው የሻኪሶ ዘመዶች ሌሎች ናቸው። የዛምቢያው ካፉቡ፣ የዚምባብዌው ሳንዳዋና፣ የማዳጋስካሩ ማናንጃሪ፤ ሁሉም ከማይካ ነው የሚወጡት። ሳንዳዋና ደግሞ ከ2.6 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሽማግሌ ነው። ለእኔ ግን የሚደንቀኝ ግብፅ ነው። በቀይ ባሕር በኩል ባለው በረሃ ሲካይት የሚባል ቦታ አለ። በጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን ዘመን ኤመራልድ የሚቆፈረው እዚያ ነበር። ያም ከማይካ ነው። አለቱም ከእኛ የደቡቡ አለት ጋር በአንድ የምድር ግጭት ዘመን የተሠራ ነው። ከሲካይት እስከ ሻኪሶ አንድ የጥንት የተራራ ሰንሰለት ነበር ብለህ ብታስብ ብዙ አትሳሳትም።

ስለዚህ ደንቡን እንዲህ አስተካክለው፦ ቤሪሊየም የሚሰጥ፣ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም የሚሰጥ፣ እና የሚያገናኝ ፈሳሽ። ማን እንደሚሰጥ ቦታው ይወስናል።

---

ሦስተኛ ዓመት | እሑድ ጠዋት 4:52

ሰረዝኩት። አመሰግናለሁ። ግን የሐዋሳውን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር?

ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከተማዋ ራሷ የፈነዳና የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው የተቀመጠችው። ሐይቁም የዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከሰሜን በኩል ደግሞ ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ። ያለን አለት ሁሉ ወጣት ነው፤ አመድ፣ ፓሚስ፣ ባልጩት። እዚያው ጨቢ ላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ከዚያ ነው። በጂኦሎጂ ሰዓት የትናንት ማታ ነገር ነው።

እንደ ሻኪሶ ያለው የጥንት አለት እኛም ሥር ሊኖር ይችላል፣ ግን ስምጥ ሸለቆው ወደ ታች ወርዶ እሳተ ገሞራው በላዩ ላይ ከምሮበታል። ወደ ጉጂ ስትወርድ ሽፋኑ ተሸርሽሮ የጥንቱ አለት ብቅ ይላል። ፍል ውሃማ ወንዶ ገነትም አለ፤ ሙቀት ብቻውን ግን ኤመራልድ አይሠራም። ልክ ነኝ?

---

ሻይና ሺስት | እሑድ ጠዋት 5:10

ልክ ነህ። ፈተናህን እለፍ። አንድ ልጨምር፤ ባልጩቱም ቅልጥ አለት ነው፣ ግን ድንገት ቀዝቅዞ ማዕድን የመሥራት ጊዜ ያጣ። ፔግማታይት ደግሞ ጊዜና ውሃ ያገኘ ነው። ጊዜ ሲያጣ መስታወት፣ ሲያገኝ ስድስት ጎን።

የወሎው ኦፓልም በዚህ በኩል የእናንተ ወገን ነው። ደላንታ ያለው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው የሚወጣው። ጉጂ ኦፓል፣ ወሎ ኤመራልድ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አገሩን ጠይቁት።

---

ፒያሳ አንጥረኛ | እሑድ ከሰዓት 8:30

እኔ ደግሞ የሥራ ሰው ነኝ፣ ወርቅ እሠራለሁ። ንድፈ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ «ጠርሙስ ነው ወይ» ነው ያለው። እንመዝነው እንግዲህ።

ትንሽ የወርቅ ሚዛን ፈልግ። ድንጋዩን መዝን፣ ጻፍ። ከዚያ በስኒ ውሃ ሞልተህ ስኒውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ድንጋዩን በክር አስረህ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ክሩን በእጅህ ያዝ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳይህን ቁጥር ጻፍ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። 2.7 አካባቢ ከመጣ ቤሪል ሊሆን ይችላል። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱርማሊን፣ ፍሎራይት ወይም ሌላ ነው። ስንጥቅ ውስጥ አየር እንዳይቀር መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነቅነቅ አድርገው።

እንዳትሸወድ፤ ጠርሙስ እንደ አሠራሩ የፈለገውን ያህል ሊከብድ ይችላል። ሚዛን ብቻውን አይፈርድም። ክብ አረፋ ካየህበት ግን ጠርሙስ ነው፣ ክርክር የለም። ብርጭቆ ቀልጦ ማይካ ተለጥፎበት ሲሸጥም አይቻለሁ። እና የጋብቻ ወረቀቱም ሊጭበረበር ይችላል፣ ይቅርታ እህቴ።

በምላጭ አትጭረው። በእሳት አትሞክረው። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ድንጋዩ ሳይወጣ ቀለበቱን በይድልኝ አለኝ። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ በየድኩት። ድንጋዩ እንደ በረዶ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ኤመራልድ ያለበትን ቀለበት ድንጋዩን ሳላወጣ እሳት አላስጠጋም። በንዝረት የሚያጥበው ማሽን ውስጥም አይገባም። ስንጥቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዘይት ይሞሉታል፣ የዝግባ ዘይት ነው የተለመደው። ንዝረቱና ሙቅ ውሃው ዘይቱን ያወጣዋል፣ የተደበቀው ስንጥቅ ሁሉ ይገለጣል።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | እሑድ ምሽት 12:45

መዝኛለሁ! ጎረቤታችን የወርቅ ሚዛን አለው። ደረቁን 12.24 ግራም። ውሃው ውስጥ 4.50። ሲካፈል 2.72 መጣ።

በስልክ ካሜራ ላይ ትንሽ አጉሊ መነጽር ለጥፌ አየሁት። ክብ አረፋ የለም። ጭጋግ ያልኩት ነገር ጥቃቅን ጉድጓድ ነው፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ቡናማ ስስ ነገር አለ፤ ውስጥ ነው፣ ላይ አይደለም። ፎቶው ይኸውና።

---

ሻይና ሺስት | እሑድ ምሽት 1:30

ቡናማው ማይካ ነው! ድንጋዩ ሲያድግ በአጠገቡ ያለውን ማይካ ዋጠው። ውጭውን አራግፋችሁ ውስጡን ግን አልደረሳችሁበትም። ብርጭቆ ላይ ማይካ መለጠፍ ይቻላል፤ ብርጭቆ ውስጥ እንዲህ መጨመር ግን ከባድ ነው።

2.72 ከማይካ ለሚወጣ ቤሪል ጥሩ ቁጥር ነው። እነዚህ ድንጋዮች ከአጠገባቸው አለት ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ብረት ስለሚቀላቅሉ ከሌሎቹ ትንሽ ይከብዳሉ። ኳርትዝ 2.65 ስለሆነ ቅርብ ነው፣ ግን የኳርትዝ ጫፍ ሹል ነው፣ ጎኑም ላይ አግድም መስመር አለው። ቱርማሊን ከጫፍ ሲታይ ሆዱ የተነፋ ሦስት ማዕዘን ነው። ያንተ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ እኩል ስድስት ነው። ቤሪል ነው ብል አላፍርም። አረንጓዴው ከክሮሚየም መሆኑን ግን በፎቶ አልምልልህም። ለዚያ የብርሃን መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ማየት አለበት።

---

ሦስተኛ ዓመት | እሑድ ምሽት 1:41

የቼልሲ ማጣሪያ የሚባለው ባለቀለም መስታወት አለ አይደል? በሱ ሲታይ ኤመራልድ ቀይ ይሆናል ይላሉ።

---

ፒያሳ አንጥረኛ | እሑድ ምሽት 1:58

እኔ ጋ አለ፣ ሳጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የኮሎምቢያው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከማይካ የሚወጡት ብረት ስላለባቸው አብዛኞቹ አይቀሉም። ላብራቶሪ ውስጥ በሰው እጅ ያደገው ደግሞ ደህና አድርጎ ይቀላል። እና ቀላ ብሎ መደሰትም፣ አልቀላም ብሎ ማዘንም የጀማሪ ነው።

---

ቶሎ ሽጥ | እሑድ ምሽት 2:05

12.24 ግራም ማለት 61 ካራት ነው። ነገ አሞራ ገደል ይዘኸው ና። ጥሬ ብር ይዤ እመጣለሁ። ሰው ይዘህ አትምጣ።

---

አዶላ ነባር | እሑድ ምሽት 2:12

ልጄ፣ «ሰው ይዘህ አትምጣ» የሚል ሰው ጋ ጭራሽ አይኬድም። አሞራ ገደል ለዓሣ ሂድ።

---

ፒያሳ አንጥረኛ | እሑድ ምሽት 2:20

ጋሼ እንዳሉት ነው። ጥሬ የከበረ ማዕድን መሸጥና መግዛት ፈቃድ ይፈልጋል። አጎትህ ከማን እንደገዛው፣ ወረቀት እንዳለው መጀመሪያ ያንን አጣሩ። ደግሞ 61 ካራት ጥሬ ነው እንጂ የተቆረጠ አይደለም። እንዲህ የተሰነጠቀው ሲቆረጥ ምን ያህል እንደሚተርፍ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። ቆራጭ ጋ ከሄደ በውሃ ነው የሚቆረጠው። ድንጋዩን መያዝ ምንም አያደርግህም፣ ደረቅ አቧራውን መተንፈስ ግን ለሳንባ መጥፎ ነው።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | እሑድ ምሽት 2:26

አልሄድም። አጎቴም እንደማይሸጠው ወስኗል። ለጊዜው። ዛሬ ደርሶ ለእንግዳ ሁሉ ስለ ፔግማታይት ማውራት ጀምሯል፣ «ፔግማጣይት» ነው የሚለው።

---

አምባዛ ጥብስ | እሑድ ምሽት 2:29

ቀንጢቻ ይውሰዱልን።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 3:10

ሰዎች! ጥቁሩ ተገኘ።

አክስቴ የሚያብለጨልጭ ነገር ትወዳለች። ግቢ ስትጠርግ አይታ «ያምራል» ብላ የአበባ ማሰሮ ላይ በትናዋለች። ጌጥ አድርጋው። ዛሬ ጠዋት አበባ ሳጠጣ አየሁት። አሥራ አንድ ቁራጭ ለቀምኩ። አንዱ የመዳፌን ያህላል፣ በአንድ በኩል ነጭ ነገር ተጣብቆበታል። ሌላው ላይ ደግሞ ጉድጓድ አለ። ስድስት ጎን ያለው ጉድጓድ። ድንጋዩን ቀስ ብዬ አስገባሁት። ልክክ አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም።

ፎቶ 4 እና 5 ይመልከቱ። ፎቶ 5 ላይ ከጉድጓዱ ጎን ሌላ አረንጓዴ ነጥብ አለች፣ የምስር ፍሬ ታክላለች።

---

ሻይና ሺስት | ማክሰኞ ጠዋት 3:24

ነጩ ፌልድስፓር ይመስለኛል። ከፔግማታይቱ ነው። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ አረንጓዴው በአንድ መዳፍ ላይ። ለማስተማሪያ ብፈልግ እንዲህ ያለ አላገኝም። ምስር የምታክለዋን ደግሞ አትንካት፣ እዚያው ትቀመጥ። በመዶሻም፣ በምስማርም፣ በጥርስ ብሩሽም።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 3:31

አልነካም። አጎቴ ግን ትልቁን ወደ ጉድጓዱ መልሼ ላጣብቀው ይላል። ሱፐር ግሉ ሊገዛ ሱቅ ሄዷል።

---

ፒያሳ አንጥረኛ | ማክሰኞ ጠዋት 3:33

ሩጥ። ያዘው።